የተረሳውን የጓሮ ጥግ መመንጠር፣ መግረዝና ማደስ

ለአርሶ አደሮች የመስክ ሥልጠና የተዘጋጀ ጽሑፍ

1. መግቢያ

በብዙ ጓሮዎች ከቤቱ ጀርባ ወይም ከአጥሩ ሥር አንድ የተረሳ ጥግ አለ። በአንድ ወቅት ቡና፣ ጌሾ፣ ዘይቱን ወይም ሎሚ የተተከለበት ቦታ ነው። ሰው ሲታመም፣ ጉልበት ሲያንስ ወይም ሥራው ሁሉ ወደ እርሻ ማሳው ሲያዘነብል ጥጉ ሁለት ሦስት ክረምት ሳይነካ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሐረጉ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ የወፍ ቆሎው ይጠላለፋል፣ ቡናው ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል። ፍሬው ጫፍ ላይ ብቻ ስለሚያዝ ለመልቀም ቅርንጫፍ መስበር የግድ ይሆናል። ቦታው የእባብና የአይጥ መደበቂያም ይሆናል።

እንዲህ ያለ ጥግ ያለው አርሶ አደር ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ጊዜ ሲገኝ» እያለ ይተወዋል፤ ወይ ደግሞ አንድ ቀን ተነሥቶ ሁሉንም በገጀራ ይጨፈጭፍና እሳት ይለቅበታል። ሁለቱም ጉዳት አላቸው። የተተወው ጥግ በየዓመቱ ምርቱ ይቀንሳል። በአንድ ቀን የተጨፈጨፈው ደግሞ ቤተሰቡን ለሁለት ዓመት ያለ ቡናና ያለ ጌሾ ሊያስቀር፣ በገጀራ ቁስል በኩልም ቡናን በቁሙ የሚያደርቅ በሽታ ሊያስገባ ይችላል።

የዚህ ሥልጠና ዋና መልእክት አጭር ነው፦ አረሙንና ሐረጉን በአንድ ወቅት ያጽዱ፤ ፍሬ ሰጪውን ተክል ግን በየዓመቱ ሢሶውን እየቆረጡ በሦስት ዓመት ያድሱ።

2. ከመቁረጥ በፊት መታየት ያለበት

ገጀራ ከመነሳቱ በፊት ጥጉን ዞሮ ማየትና በውስጡ ያለውን መለየት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ለብቻ አይሠራም። ጌሾውን የምትቀጥፈውና ለቅመም የሚሆነውን የምታውቀው ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። ለመድኃኒት የሚፈለገውን ዳማከሴ፣ ጤና አዳም ወይም ግራዋ የሚለዩት አያት ሊሆኑ ይችላሉ። ሳይጠየቁ የተቆረጠ ተክል ቶሎ አይተካም። ስለዚህ ቤተሰቡ አብሮ ይዙር።

ዛፎቹንና ቁጥቋጦዎቹን በጨርቅ ቁራጭ ምልክት ማድረግ ሥራውን ያቀላል።

• ነጭ ጨርቅ፦ የማይነካ። ለምሳሌ ጤነኛ የጥላ ዛፍ (ዋንዛ፣ ብሳና)፣ የመድኃኒት ተክል፣ አጥር የሚሆን ሰንሰል።
• ቀይ ጨርቅ፦ ከሥሩ የሚነቀል። ለምሳሌ የወፍ ቆሎ፣ ቅንጨ አረም፣ አስተናግር፣ የደረቀ ወይም የታመመ ቡና።
• ጥቁር ጨርቅ፦ የሚገረዝ ወይም የሚጎነደል። ለምሳሌ ያረጀ ቡና፣ ጌሾ፣ ዘይቱን፣ ሎሚ፣ ማንጎ።

አስተናግር ፍሬውም ቅጠሉም መርዝ ነው። ቆሻሻና ፍግ በተጣለበት ጥግ ስለሚወድ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ከሁሉ ቀድሞ ይነቀል። የወፍ ቆሎ ቅጠልም ከብትና በግ ሲበሉት ጉበታቸውን ይጎዳል። ስለዚህ የተቆረጠው ለመኖ አይሰጥም።

3. መቼ ይሠራ?

በአንድ ክረምት ዝናብ ለሚተዳደር ወይና ደጋ አካባቢ የሚከተለው የጊዜ ሰሌዳ ይመከራል።

• ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፦ ፍሬው ይለቀማል፤ ምልክት ይደረጋል። ቅንጨ አረም ግን ይህን ወቅት አይጠብቅም፤ ሳያብብ በታየበት ጊዜ ይነቀላል።
• ጥር፦ ሐረግ፣ የወፍ ቆሎና ሌላ ቁጥቋጦ ይመነጠራል። ሣሩ ስለደረቀና ቅጠል ስለሳሳ መሬቱ በግልጽ ይታያል።
• የካቲትና መጋቢት፦ የቡና ጉንደላና የጌሾ ቆረጣ ይካሄዳል። ከቡና አበባ በፊት መጨረስ ይገባል።
• ሚያዝያና ግንቦት፦ አዲስ ቀንበጥ ይሳሳል፤ የመትከያ ጉድጓድ ይቆፈራል።
• ሰኔና ሐምሌ፦ ክፍተቱ ላይ ችግኝ ይተከላል።

በከባድ ዝናብ ወቅት መግረዝ አይመከርም። ቁስሉ ሳይደርቅ ስለሚቆይ የሻጋታ በሽታ ይገባበታል። ፍራፍሬ ዛፎች የሚገረዙት ፍሬያቸው ከተለቀመ በኋላ ነው።

4. መሣሪያና ጥንቃቄ

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች የእጅ መጋዝ፣ የገረዛ መቀስ፣ ማጭድ፣ ዶማ፣ ገጀራ፣ ረጅም ዱላና መንሽ ናቸው። መጋዝና መቀስ ከሌለ ከጎረቤት መዋስ ወይም በቡድን መግዛት ይቻላል። ገጀራ ለሐረግና ለቁጥቋጦ ይሁን እንጂ ለቡና ግንድ አይሁን፤ ግንዱን ይሰነጥቃል።

• ረጅም እጅጌ ልብስ፣ ቦቲ ጫማና ጓንት ይልበሱ። ቅንጨ አረም ሲነቅሉ አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያስነሳል።
• ወደ ጥሻው ከመግባትዎ በፊት በረጅም ዱላ ይምቱ፤ ድምፅ ያሰሙ። እባብ መንገድ ካገኘ ይሸሻል። ከአንድ ጎን ብቻ እየመነጠሩ ይግቡ፤ ዙሪያውን አይክበቡት።
• እባብ ከነደፈ የተነደፈው ሰው እንዳይንቀሳቀስ አድርገው ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ። ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥ ወይም አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል።
• በአጥሩ ላይ ቁልቋል ወይም ቅንጭብ ካለ ወተቱ ዓይን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ከነካ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።
• የንብ ቀፎ ካለ በአቅራቢያው ያለውን ቦታ አመሻሽ ላይ፣ በንብ አናቢ እርዳታ ይሥሩ።
• አሮጌ የፀረ ተባይ ዕቃ፣ ባትሪ ወይም የተሰበረ ጠርሙስ ከተገኘ ለብቻው ይሰብሰብ። አይቃጠል፤ ለውኃ መቅጃም አይዋል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ያማክሩ።

5. የምንጠራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ሐረጉን ከሥሩ ይቁረጡ። ከዛፉ ላይ ወዲያውኑ ለመጎተት አይታገሉ። እርጥብ ሐረግ ቅርንጫፍ ይዞ ይሰበራል። ለሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ይደርቅና በቀላሉ ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ የወፍ ቆሎን ከጉልበት ከፍታ ላይ ቆርጠው ቅርንጫፉን ያውጡ። ከዚያ ጉቶውን ይዘው ሥሩን በዶማ ይንቀሉ። ከላይ ብቻ የተቆረጠ የወፍ ቆሎ በሚቀጥለው ክረምት ከበፊቱ ተጠናክሮ ይመለሳል። ፍሬውን ወፎች ስለሚበትኑት ሳያፈራ መንቀል ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ በቡናው ሥር ያለውን አረም በእጅ ወይም በማጭድ ያጽዱ። ከግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ በሚያህል ርቀት ውስጥ ዶማና ገጀራ አይግቡ። ምክንያቱ በተራ ቁጥር 8 ተብራርቷል።

አራተኛ፣ የጥላ ዛፎቹን የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ያንሱ። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ጨለማ ግን አይወድም። እኩለ ቀን ላይ ከቡናው ሥር ሲቆሙ ብርሃኑ በቅጠል መካከል እየተወነፈ መሬት ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ ጥላው በቂ ነው። መሬቱ በሙሉ ጨለማ ከሆነ በዝቷል፤ በሙሉ ፀሐይ ከሆነ አንሷል።

6. የገረዛ መሠረታዊ መመሪያዎች

ማንኛውም ዛፍ ሲገረዝ መጀመሪያ የሚወጣው የደረቀ፣ ቀጥሎ የታመመ፣ ከዚያ እርስ በርሱ የሚፋተግና ወደ መሐል የሚያድግ ቅርንጫፍ ነው። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሲወጡ ዛፉ ራሱ ይከፈታል። በአንድ ዓመት ከዛፉ ቅርንጫፍ ከሢሶ በላይ አይወገድ።

ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ያበጠ ቀለበት አለው። መቁረጫው ከዚህ ቀለበት ውጭ ጠጋ ብሎ ነው። ቀለበቱን ከነካ ቁስሉ አይሽርም፤ በጣም ከራቀም የሚቀረው ጉቶ በስብሶ ምስጥ ይጠራል።

ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ደረጃ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከሥሩ በኩል ትንሽ ይጋዛል። ሁለተኛ ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ተጋዞ ቅርንጫፉ ይወድቃል። ሦስተኛ የቀረው ጉቶ ከቀለበቱ አጠገብ ይስተካከላል። በአንድ ጊዜ ከላይ ብቻ የተጋዘ ቅርንጫፍ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይገሸለጣል።

7. የተክል ዓይነቶች አያያዝ

7.1 ቡና

የቡና ተክል ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ፍሬ የሰጠ አንጓ ደግሞ አይሰጥም። ያረጀ ቡና ፍሬው ጫፍ ላይ ብቻ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ጉንደላ ነው።

አሠራሩ፦

• ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በመጋዝ ይቆረጣል።
• መቁረጫው ዘንበል ያለ ይሁን፤ ውኃ እንዳያቁር ይረዳል።
• በጉቶው ዙሪያ ኮምፖስት ይጨመር፤ በሣር ይጎዝጎዝ፤ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ።
• ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ቁመቱ አንድ ስንዝር ገደማ ሲሆን በተለያየ አቅጣጫ ያሉ 2 ወይም 3 ጠንካራ ቀንበጦች ይተዉና ሌላው በእጅ ይነቀል። ሁሉም ከተተወ ጥሻው ተመልሶ ይመጣል።

የተጎነደለ ቡና ሦስተኛው ዓመት ላይ ደኅና ምርት ይሰጣል። ለዚህ ነው ሁሉም በአንድ ጊዜ የማይጎነደለው። 12 እግር ቡና ያለውን ጥግ በምሳሌ እንይ።

• በመጀመሪያው ዓመት የካቲት 4 እግር ይጎነደላል። 8 እግር ፍሬ ይሰጣል።
• በሁለተኛው ዓመት ሌላ 4 እግር ይጎነደላል። የቀሩት 4 አሮጌዎች ይለቀማሉ። ይህ ዓመት ምርቱ የሚያንስበት ስለሆነ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይወቀው።
• በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻዎቹ 4 ይጎነደላሉ። መጀመሪያ የተጎነደሉት በዚህ ዓመት መኸር ፍሬ ይይዛሉ።

በዚህ መንገድ ቤቱ አንድም ዓመት ያለ ቡና አይቀርም። መጀመሪያ የሚጎነደሉት ምርታቸው በጣም የቀነሰ እግሮች ይሁኑ።

7.2 ጌሾ

ጌሾ ከጉቶው በደንብ የሚያቆጠቁጥ ተክል ነው። ተመዝዞ ቅጠሉ ከላይ ብቻ የቀረ ጌሾ ከመሬት ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ይቆረጣል። የተቆረጠው ቅጠልና እንጨት ደርቆ ለጠላና ለጠጅ መጥመቂያ ወይም ለገበያ ይውላል፤ ስለዚህ ከሥራው የመጀመሪያው ገቢ ከዚህ ሊገኝ ይችላል። እዚህም ሢሶውን በየዓመቱ መቁረጥ የቅጠል አቅርቦቱን አያቋርጥም።

7.3 ዘይቱን

ዘይቱን ፍሬ የሚይዘው በአዲስ እድገት ላይ ስለሆነ ገረዛን ይችላል። ከሥሩ የሚወጡ ቀንበጦች ይወገዱ፤ መሐሉ ይከፈት፤ ቁመቱ እጅ በሚደርስበት ይወሰን። የወደቀ ፍሬ ከሥሩ ይለቀም። በፍሬው ውስጥ ያለ የፍራፍሬ ዝንብ ትል መሬት ገብቶ አዲስ ዝንብ ስለሚሆን የተለቀመው ፍሬ ከግማሽ ሜትር በላይ በጠለቀ ጉድጓድ ይቀበር።

7.4 ሎሚና ብርቱካን

የደረቁ ቅርንጫፎችና ቀጥ ብለው በፍጥነት የሚያድጉ ቀንበጦች ይወገዱ። በተለይ ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚወጣው እሾሃም ቀንበጥ ካልተነቀለ ዋናውን ዛፍ ያሸንፋል። ብዙ ሰው «ብርቱካኔ ወደ ሌላ ተለወጠ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ውጭ ብዙ አይገረዙ።

7.5 ማንጎ

በጣም የረዘመ ማንጎ ከመሐል አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፍ በማውጣት ይከፈታል፤ ቁመቱም በተከታታይ ዓመታት ይቀነሳል። ወተቱ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ያስፈልጋል። በቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ የሚመስሉ ተባዮች ካሉ ምናልባት በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና በኋላ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተዛመተው ነጭ የማንጎ ተባይ ሊሆን ይችላል። ዛፉን መክፈት ተባዩን ለመቀነስ ይረዳል። የተቆረጠው ቅጠል ግን ከግቢው አይውጣ፤ እዚያው ይቃጠል ወይም ይቀበር።

8. ልዩ ጥንቃቄ፦ ቡናን በቁሙ የሚያደርቅ በሽታ

ይህ በሽታ የሚመጣው ከሻጋታ ሲሆን ወደ ተክሉ የሚገባው በቁስል በኩል ነው። አረም ሲታጨድ የግንዱን ሥር የሚቧጭር ገጀራ ወይም ዶማ ዋነኛ አስተላላፊ ነው። አንድ የታመመ እግር የቆረጠ መሣሪያ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው ከሄደ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ለዓመታት ያልተነካ ጥግ በአንድ ቀን ሲመነጠር አደጋው ከፍ የሚለው በዚህ ነው።

ምልክቶቹ፦ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይረግፋል። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምርና ወደ ሙሉው ተክል ይዛመታል። ከግንዱ በታችኛው ክፍል ቅርፊቱ ሲላጥ እንጨቱ ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር የሚያደላ መስመር ይታይበታል። እንዲህ ያለ ቡና ጎንድሎ ማዳን አይቻልም።

መወሰድ ያለበት እርምጃ፦

• የታመመው እግር ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ባለበት ይቃጠል። ለማገዶ ወይም ለአጥር ተጎትቶ አይሂድ።
• ሥራው ሁልጊዜ ከጤነኛው ወደ ታመመው ይሂድ እንጂ ከታመመው ወደ ጤነኛው አይሁን።
• ከአንድ እግር ወደ ሌላ ሲታለፍ መጋዙና መቀሱ በአልኮል ወይም 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውኃ ጋር በተቀላቀለበት ይጠረግ። ይህ ካልተገኘ ስለቱ በእሳት ነበልባል ላይ ይለፍ። በረኪና ብረት ስለሚያዝግ ማታ ታጥቦ ዘይት ይቀባ።
• በተነቀለበት ጉድጓድ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ቡና አይተከል፤ በምትኩ ጎመን፣ ቃሪያ ወይም ሌላ የጓሮ ሰብል ይዘራ።
• ከአንድ በላይ እግር ከተጠረጠረ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይነገር።

9. የተቆረጠው ምን ይሁን?

ከጥጉ የሚወጣው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ወፍራሙ እንጨት ለማገዶ፣ ቀጥ ያለው ለድጋፍና ለአጥር፣ ለስላሳው ቅጠል ለኮምፖስት ይውላል። ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ በጥላ ሥር ይቆፈር። ከታች ቀጫጭን እንጨት፣ ከላዩ ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ እርጥብ ቅጠል፣ ፍግና ጥቂት አፈር እየተደራረበ ይሞላ፤ እርጥበት እንዲኖረው ውኃ ይረጭበትና ይከደን። በየወሩ ከተገላበጠ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ይደርሳል። በጥር የተጀመረ ኮምፖስት ለሰኔ ተከላ ይደርሳል ማለት ነው።

ሰርዶ፣ ፍሬ የያዘ የወፍ ቆሎ፣ ያበበ ቅንጨ አረምና የታመመ ተክል ወደ ኮምፖስት አይግቡ። እሳት የሚያስፈልገው ለእነዚህ ብቻ ነው። እርሱም ከቤት፣ ከአጥርና ከዛፍ ርቆ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ውኃ ተዘጋጅቶ ይሁን። ጥጉን በቁሙ ማቃጠል የአፈሩን ብስባሽ ያጠፋል፣ የቡናውን ሥር ያቃጥላል።

10. ባዶው ቦታ ተመልሶ እንዳይዘጋ

የተመነጠረ መሬት ባዶ ከቀረ በመጀመሪያው ዝናብ አረም ይወርሰዋል። ስለዚህ በተጎነደለው ቡና መካከል ባለው ክፍተት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ባቄላ፣ አደንጓሬ፣ ጎመን ወይም ቃሪያ መዝራት ይቻላል። ቡናው ሲያድግ ጥላው ይሸፍነዋል። ሰው የሚያልፍበት አንድ መንገድ ይተው፤ ሰው በየቀኑ የሚያልፍበት ጥግ አይረሳም። በወር አንድ ጊዜ ለግማሽ ቀን መከታተል ከሦስት ዓመት በኋላ ከሚጠብቀው የሳምንት ጉልበት ያነሰ ነው።

11. በሥልጠና ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ፍሬ እየሰጠ ያለን ቡና መቁረጥ ኪሳራ አይደለም?
መልስ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከቆረጡ ኪሳራ ነው። ሢሶውን ከቆረጡ የሚጎድለው ጥቂት ነው። ካልተቆረጠ ግን ምርቱ በየዓመቱ መቀነሱ አይቀርም፤ ለቀማውም ቅርንጫፍ እየሰበረ ተክሉን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ቁስሉ ላይ ፍግ ወይም ጭቃ ይለጠፍ?
መልስ፦ አያስፈልግም። ንጹሕና ዘንበል ያለ ቁስል በደረቅ ወቅት ራሱ ይሽራል። ፍግና ጭቃ እርጥበትና ሻጋታ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ጉልበት የሌላቸው አዛውንት ወይም ብቻቸውን የሚኖሩ እናት እንዴት ይሥሩት?
መልስ፦ ምንጠራው የደቦ ሥራ ነው። ለአንድ ቀን 5 ወይም 6 ሰው ከተገኘ ሐረጉና ቁጥቋጦው ይወጣል። ጉንደላው ግን ጥቂት እግር ስለሆነ አንድ መጋዝ የያዘ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። በደቦ ሲሠራ ምልክት የተደረገበት ጨርቅ ለሁሉም ይገለጽ፤ በዘመቻ ሥራ ላይ የማይቆረጠው የሚቆረጠው ሳይለይ በመቅረቱ ነው።

12. ማጠቃለያ

• ቤተሰቡ አብሮ ይዙር፤ የሚቀረው፣ የሚነቀለውና የሚገረዘው በምልክት ይለይ።
• ምንጠራው በጥር፣ ጉንደላው በየካቲትና በመጋቢት ይሁን።
• ቡናና ጌሾ በየዓመቱ ሢሶው ብቻ ይቆረጥ።
• የቡናን ግንድ ገጀራና ዶማ አይንካው፤ መሣሪያ ከእግር ወደ እግር ይጸዳ።
• የታመመው ይቃጠል፤ ጤነኛው ኮምፖስት ይሁን።
• ክፍተቱ ይዘራ፤ በወር አንድ ጊዜ ይታይ።

የመስክ ልምምድ፦ ሠልጣኞች በ5 በ5 ሆነው በአንድ አርሶ አደር ጓሮ ጥግ ላይ በሦስቱ ጨርቆች ምልክት ያድርጉ። አንድ ቡድን ያሰረውን ሌላው ቡድን ይመርምር፤ ያልተስማሙበትን ተክል የጓሮው ባለቤትና ባለቤቲቱ ይወስኑ። ከዚያ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ እግር ቡና በራሱ እጅ ይጎንድል።